ነርሲንግ ተማሪዎች ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅን የሚማሩት እንዴት ነው?

ጥያቄው፦ «በአንድ የክልል ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የአእምሮ ጤና ነርሲንግ አስተምራለሁ። ስለ ራስን ማጥፋት ስጋት ክፍል ውስጥ በደንብ እንማራለን፤ ፈተናውንም ጥሩ አድርገው ይሠራሉ። ዋርድ ሲገቡ ግን የሚጠይቅ የለም። ቻርቱን ሳይ ሁሉም ‹ራስን የማጥፋት ሐሳብ የለም› ብለው ጽፈዋል፤ ታካሚውን ሳነጋግር ግን ማንም እንዳልጠየቀው እረዳለሁ። አንዷ ተማሪዬ ‹ጠይቄያት ብታደርገውስ፣ ተጠያቂዋ እኔ አይደለሁም?› አለችኝና የሚያረካ መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። የትኛውን መለኪያ ላስተምራቸው? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ተማሪዎችዎ ፈተናውን በደንብ የሚሠሩ ከሆነ የጎደላቸው እውቀት አይደለም። እኔ እንደማምነው የጎደላቸው ጥያቄውን በገዛ አፋቸው ብለውት አለማወቃቸው ነው። መማሪያውም፣ ገለጻውም፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ታካሚዋ ግን የምትናገረው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ትግርኛ ነው። ተማሪው «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው ስምንት ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ፣ እናቱን በሚያክሉ ሴት አልጋ አጠገብ ቆሞ ከሆነ፣ «የለም» ብሎ ጽፎ ቢያልፍ ብዙም አልፈርድበትም። ስለዚህ ከመለኪያው በፊት አፋቸውን መፍታት ይቀድማል።

ይህን የምለው ራሴም ያለፍኩበት ስለሆነ ነው። ጀማሪ ነርስ ሳለሁ በሜዲካል ዋርድ የማታ ተረኛ ነበርኩ። ከወለደች ጥቂት ወራት የሆናት፣ በልብ ሕመም የተኛች ሴት ነበረች። የደም ግፊቷን እየለካሁ ሳለ እጄን ያዝ አድርጋ «ልጆቼን አደራ» አለችኝ። እኔም ያጽናናኋት መስሎኝ «ምን ሆነሻል? ገና ድነሽ ራስሽ ታሳድጊያቸዋለሽ» አልኳትና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሕይወቷ የተረፈው በጎረቤት አልጋ የነበሩት አስታማሚ እንቅልፍ ስላልወሰዳቸው ብቻ ነው። በነጋታው ቻርቷን ሳነሣ በገዛ እጄ የጻፍኩት «አዲስ ቅሬታ የለም» የሚል ነበር። በዚያች ሌሊት የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አደራ ስትይኝ ምን አስበሽ ነው?» ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ፤ መምህራቸውም ሳይጠይቅ ያለፈበት ቀን እንደነበረ ሲሰሙ ስለ ራሳቸው ፍርሃት ለመናገር ይደፍራሉ።

ከመጠየቅ የሚያግዳቸው በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጥያቄው ራሱ ሐሳቡን ያስገባባታል የሚል ነው። ይህ ፍርሃት በጥናት ተፈትሿል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ አንድ ጥናት፣ በኒው ዮርክ ግዛት ባሉ ስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 2,342 ወጣቶች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ስለ ራስን ማጥፋት ተጠየቁ፣ ግማሾቹ ሳይጠየቁ ቀሩ፤ የተጠየቁት ጭንቀታቸውም ሆነ ሐሳባቸው ካልተጠየቁት አልባሰም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶችም ያሳዩት ተመሳሳይ ነገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ይህ የፈረንጅ ችግር ነው፣ እኛ ዘንድ ብዙም የለም» የሚለው ነው። ለዚህ የሩቅ ማስረጃ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የቡታጅራ ጥናት 10,468 አዋቂዎችን ቤት ለቤት ጠይቆ፣ 3.2 በመቶው በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸውን ተናግረዋል። ከመቶ ሰው ሦስት ማለት በአንድ ዕድር ውስጥ የሚገኝ ሰው ነው። ተማሪው ይህን ቁጥር ወደ ሠፈሩ ወስዶ ቢያስበው «እኛ ዘንድ የለም» ማለቱን ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 727,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ ምክንያት እንደሞተ፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት ላሉ ወጣቶችም ሦስተኛው የሞት ምክንያት እንደሆነ ገልጿል።

ወደ ማስተማሩ ስመጣ፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያለ ስላይድ አደርገዋለሁ። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ይላል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ፤ አሥር ጊዜ ያህል ይደጋግሙታል። ባለፈው ዓመት የነበረች አንዲት ተማሪ የመጀመሪያውን ዙር «ራስዎን... ማለቴ... መጥፎ መጥፎ ነገር... አይመጣብዎትም አይደል?» ብላ ጀመረች። ዓይኗ ጉልበቷ ላይ ባስቀመጠችው ወረቀት ላይ ነበር፤ ድምፅዋም መጨረሻው ላይ ሊሰማ አልቻለም። ክፍሉን አስቁሜ «ይህን ጥያቄ ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ?» አልኳቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አይመጣብኝም» አሉ። ስሕተቱን ራሳቸው አገኙት፤ «አይደል?» ብሎ የሚጨርስ ጥያቄ መልሱን አዘጋጅቶ የሚመጣ ጥያቄ ነው፣ «መጥፎ ነገር» የሚለውም ምን እንደሆነ ታካሚው አያውቅም። በስድስተኛው ዙር ያቺው ተማሪ ወረቀቱን መሬት አስቀምጣ፣ የጓደኛዋን ፊት እያየች፣ ባልተጣደፈ ድምፅ ስትጠይቅ ጓደኛዋ ሳታስበው እንባ አቀረረች። ያን ቀን ከዚያ በላይ አላስተማርኩም።

ከዚህ ቀጥሎ የምሰጠው ትኩረት ለቋንቋችን ነው፤ በዚህ ላይ ጊዜ ቢያጠፉ አይቆጭዎትም። አማርኛ ሞትን በየንግግሩ መሐል ያስገባል። «በሞቴ ጉረስልኝ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ልሙትልህ»፣ «ሞቼ ነው የምገኘው» ስንል ማንም አይደነግጥም፤ የፍቅር፣ የልመናና የመሐላ ቃላት ናቸው። ጆሯችን እነዚህን ስለለመደ ከእነሱ ጋር ተቀላቅለው የሚመጡትን ሌሎቹን ቃላት ሳይሰማ ያሳልፋቸዋል፦ «ምነው ሞቼ ባረፍኩት»፣ «መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ»፣ «ተኝቼ ባልነቃሁ»፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም»፣ «ልጆቼን አደራ»። ተማሪዎቹ በየቤታቸው፣ በየሠፈራቸው የሰሟቸውን እንዲህ ያሉ አባባሎች በትናንሽ ወረቀቶች ላይ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ከጎጃም የመጣው፣ ከወሎ የመጣችው፣ ከአዲስ አበባ የመጡት የሚያመጡት የተለያየ ነው፤ አፋቸውን የፈቱት በሌላ ቋንቋ ከሆነም በዚያው ይጽፉታል። ከዚያ ወረቀቶቹን በሦስት ክምር እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ፦ የዘወትር ንግግር፣ የመሞት ምኞት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። «ኑሮ ሰለቸኝ» የት ይቀመጣል? የታክሲ ሰልፍ ያስመረረው ሰውም ይለዋል፤ ልጁን ቀብሮ የተመለሰም ይለዋል። ቃሉን ብቻ ይዞ መመደብ እንደማይቻል፣ ማን፣ መቼ፣ በምን ፊት እንደተናገረው ታይቶም ቢሆን በመጨረሻ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ የሚገባቸው ወረቀቱን ይዘው ሲከራከሩ ነው። ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ በሰውነት ስሜት እንደሚገለጽም አስታውሷቸው፤ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይነዘንዘኛል» እያለ በየወሩ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል (ኦፒዲ) የሚመላለስ ሰው ፓራሲታሞል ተሰጥቶት ሲመለስ ስለ ስሜቱ አንድም ቃል ሳይጠየቅ ሊሆን ይችላል።

የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ከለዘብተኛው ወደ ቀጥተኛው ቢሄድ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ይቀላል። እኔ የማስተምረው መግቢያ እንዲህ ነው፦ «እንዲህ ያለ ጭንቀት የደረሰባቸው ሰዎች አንዳንዴ ‹ምነው ሞቼ ባረፍኩት› ይላሉ። እርስዎስ እንዲህ ተሰምቶዎት ያውቃል?» ይህ አባባል ሰውየው ብቻውን እንዳልሆነ ይነግረዋል። አዎ ካለ፣ ወይም ዝም ካለ፣ ቀጥሎ «ራስዎን ለማጥፋትስ አስበው ያውቃሉ?» ይባላል። ከዚያ ወደ ጊዜው ነው፦ «መጨረሻ ያሰቡት መቼ ነው? ዛሬስ?» ከዚያ ወደ ዕቅዱ፦ «እንዴት እንደሚያደርጉት አስበው ነበር? ያዘጋጁት ነገር አለ?» ከዚያ ወደ ቀድሞው፦ «ከዚህ በፊት ሞክረው ያውቃሉ?» ቀድሞ መሞከር ከሁሉም የበለጠ ክብደት ከሚሰጣቸው ነገሮች አንዱ ስለሆነ እንዳይዘለል። በመጨረሻ እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ አለ፦ «እስካሁን ምን ያዘዎት?» አንዷ «ትንሿ ልጄ» ትላለች፣ ሌላው «የእናቴ እንባ»፣ ሌላው «እግዚአብሔርን መፍራቴ»። የሚመለሰው ነገር በኋላ የደኅንነት ዕቅዱ የሚሠራበት ነው። «ምንም የያዘኝ የለም» የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ ተማሪው ከዚያ ቦታ ሳይነሣ ሰው መጥራት አለበት።

አጠራሩም ከጥያቄው እኩል ነው። አዛውንቱን «አንተ» ብሎ ይህን የሚጠይቅ ተማሪ መልስ አያገኝም፤ የሃያ ዓመቷን ወጣት ደግሞ «እርስዎ» እያለ ከራሱ ሊያርቃት ይችላል። «አባባ»፣ «እማማ»፣ «እህቴ» እንደየሰዉ ይመረጣል።

አንድ መልስ ግን በተለይ ያሳስበኛል። ተማሪው እንደምንም ብሎ ሲጠይቅ ታካሚዋ «ኧረ በስመ አብ! ምን ማለትህ ነው!» ወይም «አስተግፊሩላህ!» ይላሉ። ተማሪው ደንግጦ ይቅርታ ይጠይቅና «ሐሳቡ የለም» ብሎ ይጽፋል። «በስመ አብ» መልስ አይደለም፤ ነገሩ ኃጢአት እንደሆነ የሚያምን ሰው፣ ሐሳቡ ቢኖርበትም ባይኖርበትም፣ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ከልማዳችን እንደምናውቀው ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት ሊከለከል ይችላል፤ ስለዚህ ቤተሰብም ታካሚም ነገሩን መደበቅ ለምደዋል። ተማሪው እምነቱን አክብሮ እንዲህ ማለት ይችላል፦ «ኃጢአት መሆኑን እንደሚያምኑ ገብቶኛል። ሐሳቡ ግን ሳይፈልጉት መጥቶብዎት ያውቃል?» በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ላይ አንገታቸውን ደፍተው «ይመጣብኛል» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ተማሪዎቹ ይህንን ምልልስ በቃል እስኪያውቁት ድረስ አለማምዳቸዋለሁ።

ሕጉን በተመለከተም ግራ የሚጋቡ አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚያነሣሣን ወይም የሚረዳን ነው። ታካሚው ለነርስ ሐሳቡን በመናገሩ የሚደርስበት ቅጣት የለም፤ ተማሪው ይህን አውቆ ለታካሚው ሊነግረው ይገባል።

በሆስፒታሎቻችን ትልቁ መሰናክል አስታማሚ ነው፤ ትልቁ ሀብታችንም እሱ ነው። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ ታካሚዋን «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብሎ መጠየቅ ከአለመጠየቅ ይብሳል። ተማሪዎች አስታማሚን በክብር ገለል ማድረግን መማር አለባቸው፦ «ለምርመራ ጥቂት ደቂቃ ብቻችንን እንሆናለን፤ እርስዎ እስከዚያ አየር ይውሰዱ፣ እጠራዎታለሁ» ማለት ይበቃል። የተለየ ክፍል ከሌለ የመድኃኒት ክፍል፣ የሲስተሯ ቢሮ፣ ካልሆነም በረንዳው ጫፍ ላይ ያለው አግዳሚ ይሆናል። ከዚያ አስታማሚው ለብቻው ይጠየቃል፤ ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ ወይ፣ ዕቃዋን ማከፋፈል ጀምራ ነበር ወይ፣ የተናገረችው ነገር አለ ወይ። ብዙ ጊዜ እውነቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

ምስጢርን በሚመለከት ተማሪዎች በደግነት የሚፈጽሙት አንድ ከባድ ስሕተት አለ። ታካሚዋ «ለማንም አትንገሪብኝ» ስትል «እሺ፣ በማርያም» ይላሉ። ይህ ቃል ፈጽሞ መሰጠት የለበትም። ከመጠየቃቸው በፊት እንዲህ ማለትን ይልመዱ፦ «የምትነግሪኝን ለጎረቤት አላወራም። ሕይወትሽን የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ግን ለሚረዱን ባለሙያዎች እነግራለሁ፤ ስነግርም አንቺ እያወቅሽ ነው።» በተቃራኒው ደግሞ ታካሚዋን «በልጆችሽ ማዪልኝ፣ አላደርገውም በዪኝ» እያሉ የሚያስምሉም አሉ። መሐላ ማንንም አልጠበቀም፤ ተማሪውን አረጋግቶ ያስተኛዋል፣ ታካሚዋንም በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ያሰኛታል።

ስጋትን የሚያከብዱ ሁኔታዎችን መጻሕፍቱ ስለሚዘረዝሩ እዚህ አልደግማቸውም። በእኛ ዋርዶች ግን ከአእምሮ ሕክምና ክፍል ውጭ የሚገኙትን አጥብቀው ያስታውሷቸው፤ ከወሊድ በኋላ ያለች እናት፣ ሕመሙ እንደማይድን በቅርቡ የተነገረው፣ ለዓመታት የሚጥል በሽታ ያለበት፣ አረቄ አዘውትሮ የሚጠጣ፣ ከዓረብ አገር በጉዳትና በባዶ እጅ የተመለሰች ወጣት። «ግደል» ወይም «ራስህን ግደል» የሚል ድምፅ የሚሰማ ሰው ካለ ዕቅድ የለኝም ማለቱ ብቻ አያረጋጋም። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ የገባ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ከባድ ስጋት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ብዙ ተማሪ አይጠብቀውም።

አሁን ወደ መለኪያው። አንዱን መምረጥ ካለብዎ መሠረቱ የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀው የዓለም ጤና ድርጅት የኤም ኤች ጋፕ መመሪያ ቢሆን እመርጣለሁ፤ አገራችን በጤና ጣቢያዎች የምትሠራበት እሱ ስለሆነ ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ ያገኘዋል። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድብርት መለኪያ ፒ ኤች ኪው 9 በአማርኛ ተተርጉሞ ተፈትሿል፤ ዘጠነኛው ጥያቄው ግን መሞትን መመኘትንና ራስን መጉዳትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚያጣምር አዎንታዊ መልስ ሲገኝ ወደ ቀጥተኛው ጥያቄ መግቢያ እንጂ ፍርድ አይሆንም። በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠራው ራስን የማጥፋት ስጋት መለኪያ የጥያቄ ቅደም ተከተልን ለማስተማር ጥሩ ነው። ነገር ግን መለኪያ ሁሉ የሚያመጣው አንድ አደጋ አለ፤ ተማሪው ነጥብ ደምሮ «ዝቅተኛ ስጋት» ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ይረጋጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና 365 ጥናቶችን የመረመረ ትንተና፣ በ50 ዓመት ምርምር ውስጥ ማን ራሱን እንደሚያጠፋ የመተንበይ ችሎታችን ከአጋጣሚ ግምት ብዙም የማይሻል እንደሆነ አሳይቷል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ መለኪያዎችን ለትንበያ መጠቀምንም፣ ሰውን «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ብሎ መመደብንም አትጠቀሙ ብሏል። ይህንን ለተማሪዎች መንገር ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል፤ እኔ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። ነቢይ መሆን እንደማይጠበቅባቸው ሲሰሙ ትከሻቸው ይቀልላቸዋል። ከእነሱ የሚፈለገው «ይህ ሰው ዛሬ ምን ያስፈልገዋል?» ብሎ ማሰብ ነው።

ስለዚህ ዕርዳታውን ሳያስከትሉ ምዘናውን ለብቻው አያስተምሩት፤ ጥያቄውና ቀጥሎ የሚደረገው ነገር በአንድ ትምህርት ይሰጡ። ስታንሊና ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የደኅንነት ዕቅድ ስድስት ነገር ያካትታል፦ ሐሳቡ ሲመጣ ቀድሞ የሚታወቅ ምልክት፣ ሰውየው ራሱ የሚያደርገው፣ ሐሳቡን የሚያስረሳ ሰው ወይም ቦታ፣ ዕርዳታ የሚጠየቅ ቤተሰብ ወይም ወዳጅ፣ ባለሙያ፣ እና ቤቱን ከአደጋ ማጽዳት። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናታቸው፣ በዘጠኝ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ይህ ዕቅድ ከስልክ ክትትል ጋር የተሰጣቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ ያሳዩት ራስን ከማጥፋት ጋር የተያያዘ ድርጊት ካልተሰጣቸው በ45 በመቶ ያነሰ ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በብራዚል፣ በህንድ፣ በስሪ ላንካ፣ በኢራንና በቻይና ለ1,867 ሞክረው ለተረፉ ሰዎች የተደረገው ነው። ከመውጣታቸው በፊት አንድ ሰዓት ያህል አነጋገሯቸው፣ ከዚያ በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ጎበኟቸው፤ ራሱን ያጠፋው ሰው ክትትል በተደረገላቸው 0.2 በመቶ፣ በተለመደው አሠራር በቀሩት 2.2 በመቶ ሆነ። አንድ ሰዓት ንግግርና ዘጠኝ ጉብኝት ነርስ የምትችለው ነገር ነው። ዕቅዱ የግድ በወረቀት መሆን የለበትም፤ ማንበብ ለማይችሉ በቃል፣ አስታማሚው ባለበት፣ ስልክ ቁጥሩ በሚታወቅ ሰው ስም ይደረጋል። የንስሐ አባት፣ የልብ ጓደኛ፣ ታላቅ እህት በዕቅዱ ውስጥ ቦታ አላቸው።

ቤቱን ስለ ማጽዳት ቤተሰብ ሲነገረው «ምን እናድርግ፣ ልቡ የቆረጠ ሰው አይመለስም» ይላል። ይህ እውነት አይደለም። ክፉው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ ሰዓት አደገኛው ነገር በእጅ ካልተገኘ ብዙ ሰው ይተርፋል። ስሪ ላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ የእርሻ ኬሚካሎችን በየደረጃው ከከለከለች በኋላ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች መጠን እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወርዷል። በገጠር ላለ ቤተሰብ ኬሚካሉን በቁልፍ መያዝ ወይም ለጊዜው ጎረቤት ማስቀመጥ፣ በከተማ ላለው መድኃኒቱን የሚሰጥ አንድ ሰው መመደብ፣ ተማሪው በራሱ አፍ ለቤተሰቡ ሊያስረዳ የሚችለው ነገር ነው።

ቻርት ላይ የሚጻፈውንም ያሠልጥኗቸው። ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ቢጻፍም የታካሚዋ ቃል በራሷ ቋንቋ እንደወረደ ይስፈር። «ሐሳብ የለም» ከማለት ይልቅ እንዲህ ቢጻፍ፦ «አስታማሚ በሌለበት ተጠይቃ ‹ትናንት ማታ ሞቼ ባረፍኩት ብያለሁ፤ ራሴን ለማጥፋት ግን አላሰብኩም› ብላለች። ከዚህ በፊት አልሞከረችም። የያዘኝ ልጄ ነው ትላለች። ለተረኛ ሲስተር በ4 ሰዓት ተነግሯል፤ እህቷ ማታ አብራት ታድራለች።» የሚቀጥለው ሺፍት ከዚህ ላይ ይቀጥላል። ያልተጠየቀ ከሆነም «አልተጠየቀም፣ ምክንያቱም...» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህን የጻፈ ተማሪ ነጥብ እንደማይቀነስበት አስቀድመው ቃል ይግቡላቸው። «የለም» የሚለው የሐሰት ጽሑፍ የሚጠፋው ያኔ ብቻ ነው።

ከትምህርቱ አንድ ቀን በፊት ርዕሱን ለተማሪዎቹ ያሳውቁ። ከአርባ ተማሪ መሐል ወንድሙን፣ የቤት ተከራዩን፣ የትምህርት ቤት ጓደኛውን በዚህ መንገድ ያጣ ይኖራል፤ ሐሳቡ በራሱ ላይ የሚመላለስበትም ሊኖር ይችላል። የፈለገ ከልምምዱ ወጥቶ ውጭ መቀመጥ ይችላል፣ ምክንያት አይጠየቅም። ከትምህርቱ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቢሮዎ በር ክፍት ይሁን። ወደ እርስዎ የሚመጣውንም ተማሪ ያስተማሩትን ጥያቄ ራሱን በቀጥታ ይጠይቁት፤ ብቻውን አይተዉት፣ ወደሚረዳው ባለሙያም አብረውት ይሂዱ።

ለተማሪዎ ጥያቄ ደግሞ እኔ የምሰጣት መልስ ይህ ነው። የአንቺ ግዴታ መጠየቅ፣ የሰማሽውን መጻፍ፣ በዚያው ሰዓት ለሲስተሯ ወይም ለሐኪሙ መናገርና እነሱ እስኪመጡ ድረስ ታካሚዋን ብቻዋን አለመተው ነው። ውሳኔው የአንቺ ብቻ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም፤ ይህን ሁሉ አድርገሽ ታካሚዋ ብትጎዳ ሐዘኑ የሁላችን ነው፣ ተጠያቂነቱ ግን በመጠየቅሽ አይመጣም። ለዚህ ቃል ጀርባ እንዲኖረው፣ መምህር፣ አታችመንት (የሆስፒታል ልምምዱ) ከመጀመሩ በፊት ከዋርድ ኃላፊዋ ጋር ተቀምጠው ሁለት ነገር ይስማሙ፦ ተማሪ «ሐሳብ አላት» ብሎ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው በየሺፍቱ ማን እንደሆነ በስሙ ይታወቅ፣ ያ ሰውም ተማሪውን «ምን አስነካህ» ብሎ እንዳይቆጣ። ተማሪዎች ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወሩ በሚሠሩት የተግባር ፈተና (ኦስኪ)ም አንድ ጣቢያ ለዚህ ይመድቡ፤ ታካሚ ሆና የምትተውነው ሴት በመጀመሪያው ጥያቄ «በስመ አብ!» ትበል፤ ነጥቡም ለሁለተኛው ጥያቄ ይሰጥ።